ሜትሩ ከመቼ ይቆጥራል?

[አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሃይስኩል የመኪና ማቆሚያ። ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት የኤርፖርት ታክሲ ነጂዎች፣ አለምሰገድና ለገሠ፣ በአለምሰገድ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። አለምሰገድ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ አንገቱ ላይ ቀይ ስካርፍ ጠምጥሟል። ለገሠ በሥራ ጃኬቱ ሆኖ ቆሎ ይቆረጥማል።]

አለምሰገድ: መኪናውን አላወጣም አልኩህ! እዚሁ ነው የምናቆመው!

ለገሠ: የዳይሬክተሯ ቦታ ነው እኮ። ስሟ ተጽፏል።

አለምሰገድ: ዳይሬክተሯ አሁን አለች? የለችም። ባዶ ቦታ ቀድሞ ለመጣ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቼ ፓርኪንግ አንተ ታስተምረኛለህ?

ለገሠ: ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ወጥታ ትመለሳለች። ከጂሙ ኋላ ፓርክ ብናደርግ ግን ማንም አይናገርም። ለበሩም ቅርብ ነው።

አለምሰገድ: አንተ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነህ? ይሄን ከየት አመጣኸው?

ለገሠ: እንዲሁ... ይመስለኛል።

አለምሰገድ: "ይመስለኛል!" የሚመስለው ሰው ዝም ይላል፣ የሚያውቅ ሰው ይናገራል። እንደውም ሳንወርድ እንስማማ። ዛሬ እዚህ የመጣነው ለምንድነው?

ለገሠ: የሩጫ ኮቿ የፀዲን አባት ስለፈለገች።

አለምሰገድ: የፀዲ አባት ማነው?

ለገሠ: [ቆሎውን ውጦ] ...አንተ ነህ።

አለምሰገድ: ይሄን ለመመለስ ይሄን ሁሉ ታስባለህ?

ለገሠ: ቆሎ አንቆኝ ነው።

አለምሰገድ: ስማኝ። ቅዳሜ የኮሌጁ አሰልጣኞች ልጄ ስትሮጥ ሊያዩ ይመጣሉ። ከወደዷት የፀዲ ነገር አለቀ፤ ኮሌጅ ገባች፣ ሮጠች፣ ተማረች። ካልወደዷት ደግሞ እንደኔና እንዳንተ ሻንጣ ስትጭን ትኖራለች። ለዚህ ነው ኮቿ ከእኔ ጋር መማከር የፈለገችው። አንተን ይዤ የመጣሁት ለምክር እንዳይመስልህ። ሰው ለቁም ነገር ብቻውን አይሄድም፤ ብቻውን የመጣ ሰው ዘመድ የሌለው ይመስላል። አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ፊትህን ከበድ ታደርጋለህ። አለምሰገድ ይናገራል፣ ለገሠ ዝም ይላል። ድገመው።

ለገሠ: አለምሰገድ ይናገራል፣ ለገሠ ዝም ይላል።

አለምሰገድ: ሕግ ነው።

ለገሠ: ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው መስከረም ፀዲ እኔ ጋ መጥታ...

አለምሰገድ: ሕጉ ምን ነበር?

ለገሠ: ገና አልገባንም እኮ!

አለምሰገድ: ተለማመድ። ቆይ፣ ኮቿ ግን ለምንድነው አንተ ጋ የደወለችው?

ለገሠ: እሱን ነው ልነግርህ የ...

አለምሰገድ: ገባኝ። ቢዚ መሆኔን ያውቃሉ። ትልቅ ሰው ጋ በቀጥታ አይደወልም፣ በሰው በኩል ነው የሚደረሰው። ውረድ።

[ይወርዳሉ። አለምሰገድ ዋናውን በር ይገፋል፤ እምቢ ይለዋል። ለገሠ ከኋላው ሆኖ ከጎን ያለችውን ደወል ተጭኖ ወደ ካሜራዋ እጁን ያወዛውዛል። በሩ ይከፈታል።]

አለምሰገድ: አየህ? የዚህ አገር በር ጠንከር አድርገህ ስትገፋው ይፈራል።

[በኮሪደሩ ሄደው ከኮቿ ቢሮ ፊት ለፊት ካለ አግዳሚ ወንበር ይደርሳሉ። ለገሠ በግራ ጫፍ ይቀመጣል። አለምሰገድ በቀኝ ጫፍ ሲቀመጥ ወንበሩ ያጋድልና ወለሉ ላይ ሊዘረጋው ለጥቂት ይተርፋል።]

አለምሰገድ: እግሩ ሰባራ ነው! አይተህ አትናገርም?

ለገሠ: ለገሠ ዝም ይላል አልክ።

አለምሰገድ: ለወንበር አላልኩም!

[ወደ መሃል ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። ለገሠ ዝምታው አይሆንለትም።]

ለገሠ: እኔ የማይገባኝ ግን፣ ልጅቷ ሃይስኩል ሆና የኮሌጅ ክላስ ብትወስድ ምን ክፋት አለው?

አለምሰገድ: አይገባህም፣ አዎ። ዱዋል ኢንሮልመንት የሚሉት መርዝ ነው። በቀስታ ላስረዳህ። ፀዲ ምንድናት?

ለገሠ: ሯጭ።

አለምሰገድ: ኮሌጅ ሯጭን እስኪሸብት አያስሮጥም። የተወሰነ ዓመት ነው የሚሰጠው። ያ ዓመት እንደ ታክሲ ሜትር ነው። አንዴ መቁጠር ከጀመረ ብትታመም ይቆጥራል፣ ብትተኛ ይቆጥራል። ልጅቷ ገና በሃይስኩል እያለች እግሯን ኮሌጅ ክላስ ውስጥ ስታስገባ ሜትሩ ተነሳ ማለት ነው! እውነተኛው ኮሌጅ እስክትደርስ ዓመቷ አልቆ ቁጭ ብላ ታጨበጭባለች።

ለገሠ: አንድ ተሳፋሪ በር ከፍቶ "እስከ ግሌንዴል ትሄዳለህ?" ብሎ ሲጠይቅህ ሜትር ታስነሳለህ እንዴ?

አለምሰገድ: ይሄ ሌላ ነው።

ለገሠ: እኔ ሻንጣው ተጭኖ፣ ሰውየው ገብቶ፣ ቀበቶውን አስሮ መኪናው ሲነሳ ነው የማስጀምረው።

አለምሰገድ: ለዛ ነው ያላለፈልህ።

ለገሠ: ማነው ግን እንዲህ ብሎ የነገረህ?

አለምሰገድ: ትልቅ ሰው ነው። ከኤርፖርት ዳውንታውን ድረስ ጭኜው።

ለገሠ: የኮሌጅ ሰው ነው?

አለምሰገድ: የጥርስ ሐኪም።

ለገሠ: የጥርስ?

አለምሰገድ: የወንድሙ ልጅ ይዋኛል!

ለገሠ: እና እሱ ነው ሜትሩ ይነሳል ያለህ?

አለምሰገድ: እኔ አስረዳሁት፣ እሱ አልተቃወመም። መንገዱን ሙሉ "እህ፣ እህ" እያለኝ ነው የሄደው።

ለገሠ: ጆሮው ላይ የተሰካ ነገር ነበር?

አለምሰገድ: ቢኖርስ? በሌላው ጆሮው ይሰማኛል!

ለገሠ: ኳስ ተጫዋቹ የእታለም ልጅ እኮ ያንን ክላስ ወስዶ...

አለምሰገድ: እታለምን አታንሳብኝ! ልጇ ገና አስራ አንደኛ ክፍል እያለ "ኮሌጅ ገባልኝ" ብላ ሊትልተን ድረስ አስነድታን ኬክ ያስቆረጠች ሴትዮ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እሷ ናት። ልጁ ኬኩን ቆርጦ "ነገ የአልጀብራ ፈተና አለብኝ" ብሎ ወደ ክፍሉ ሲገባ እንባዬ መጣ። ይሄ ልጅ ኳሱን በእናቱ ኬክ ውስጥ ቀበረ አልኩ።

ለገሠ: አሁን እኮ ለኮሌጁ ነው የሚጫወተው። ባለፈው ሁለት ጎል አገባ።

አለምሰገድ: እስኪነቁበት ነው።

ለገሠ: ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

አለምሰገድ: እዚህ አገር ቀስ ብለው ነው የሚነቁት። እኔ ግን እንደ እታለም ሞኝ አይደለሁም። ፀዲ ያንን የኮሌጅ እንግሊዝኛ ጀመረች ሲሉኝ በዚያው ቀን "አሁኑኑ አቋርጪ" አልኳት።

ለገሠ: ምን አለች?

አለምሰገድ: አንገቷን ደፍታ "ኦኬ፣ ዳድ" አለች። አቋረጠች። ልጅ እንዲህ ነው የሚያሳድጉት።

ለገሠ: [ያስለዋል]

አለምሰገድ: ምን ሆንክ?

ለገሠ: ቆሎው ነው። የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሯን ግን አነጋግረሃት ነበር? ፀዲ ወላጅ ይምጣ ተብያለሁ ስትልህ ነበር አይደል?

አለምሰገድ: ብላኛለች፤ ሦስቴ። ለምን እሄዳለሁ? ወላጅ አምጣ የሚባለው ያጠፋ ተማሪ ነው። ልጄ ምን አጠፋች? ካውንስለር ማለትስ አእምሮው ለታወከ ሰው አይደለም እንዴ? ዛሬ ኮች ስለሆነች ነው የመጣሁት። ደግሞ ወላጅ አምጣን ለእኔ! እኔ ደሴ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የመምህሩን ወንበር እግር በመጋዝ ቆርጬ፣ "ወላጅ ሳታመጣ ግቢውን እንዳትረግጥ" ተባልኩ። አባቴን ብወስደው ይገድለኛል። ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

ለገሠ: ወንበሩን ጠገንክ።

አለምሰገድ: ምን አለ ትንሽ እንኳ ጭንቅላት ቢኖርህ! ገበያ ወርጄ አንድ ጋሪ ነጂ ለምኜ ይዤ ሄድኩ። "አባቴ ነው" አልኩ።

ለገሠ: ዳይሬክተሩ አመነ?

አለምሰገድ: እንዴት አያምን! ሰውየው ስሜን እንኳ ሳያውቅ፣ "አንተ ውርጋጥ፣ ቤቴን አዋረድከው!" ብሎ ዳይሬክተሩ ፊት በጥፊ አጮለኝ። ከወለደኝ አባቴ በላይ አባት ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እሱ ነው የመጣው።

ለገሠ: ይሄን ታሪክ ለፀዲ ነግረሃታል?

አለምሰገድ: በየበዓሉ! በሳቅ ትፈርሳለች። ባለፈው ዓመት እንደውም "ዳድ፣ ሰውየውን እንዴት መረጥከው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለገሠ: ምን አልካት?

አለምሰገድ: ብልጥ ሰው አትምረጪ፣ ብልጥ ሰው ያጋልጥሻል። ፊቱ የማያስፈራ፣ ብዙ የማይጠይቅ፣ ና ሲሉት የሚመጣ ሰው ነው ለአባትነት የሚሆነው አልኳት።

ለገሠ: [ጃኬቱን ዝቅ ብሎ ያያል] አሃ። ለዛ ነዋ።

አለምሰገድ: ምኑ?

ለገሠ: ምንም።

[የቢሮ ጸሐፊዋ ወረቀት ይዛ ታልፋለች። ፈገግ ብላ "ሃይ፣ ሚስተር አለምሰገድ!" ትላለች፤ ለገሠ እጅ ላይ ከረሜላ አስቀምጣ ትሄዳለች። አለምሰገድ ብድግ ብሎ እጅ ይነሳል።]

አለምሰገድ: ሰማህ? አንድ ቀን ረግጬው የማላውቀው ትምህርት ቤት በስሜ ጠራኝ! ዝና ማለት ይሄ ነው።

ለገሠ: ከረሜላውን ግን...

አለምሰገድ: ለአጃቢዬ ሰጠች። ባህላቸው ነው። ትልቁን ሰው ሰላም ይሉታል፣ ትንሹን ያጎርሱታል።

ለገሠ: አለምሰገድ፣ ኮቿ በስልክ ስትደውል ለምክር ነው አላለችም። ስለ አንድ ሰውዬ ነው ያለችው።

አለምሰገድ: የምን ሰውዬ?

ለገሠ: ልምምድ ላይ ከአጥሩ ውጪ የሚቆም ሰው አለ አሉ። ፀዲ ባለፈች ቁጥር ይጮህባታል። ልጅቷ እሱን ስታይ እግሯ ይተሳሰራል፤ እንዲህ ከሆነ የቅዳሜውን ሩጫ ታበላሸዋለች ብላ ኮቿ ሰግታለች።

አለምሰገድ: [ይነሳል] ማነው እሱ ባለጌ! የእኔን ልጅ? የእኔን ፀዲ? አሁኑኑ አሳዩኝ! አንገቱን ይዤ...

ለገሠ: ፖሊስ ልንጠራ ነው አሉ።

አለምሰገድ: ይጥሩ! ፖሊስ ያንሰዋል! መልኩ ምን ይመስላል?

ለገሠ: ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ዳመናም ሆነ በረዶ አያወልቀውም።

አለምሰገድ: ወሮበላ ነው! ንጹሕ ሰው ዓይኑን ምን ያስደብቀዋል?

ለገሠ: ስካርፍ አለው።

አለምሰገድ: ምን ዓይነት?

ለገሠ: ቀይ።

አለምሰገድ: [እጁ ወደ አንገቱ ይሄዳል] ...ቀይ ስካርፍ ብዙ ሰው አለው።

ለገሠ: በማናውቀው ቋንቋ ነው የሚጮኸው ብለው፣ ኮቿ የሰማችውን በስልክ ደገመችልኝ። አነጋገሯ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን "ጉልበትሽን አንሺ፣ አትተኚ!" ነው የሚለው።

[አለምሰገድ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ በሰባራው እግር በኩል። ወንበሩ ያጋድላል። አይነሳም።]

አለምሰገድ: እኔ እኮ... ላበረታታት ብዬ ነው።

ለገሠ: አውቃለሁ።

አለምሰገድ: ማነው ብለው እሷን አልጠየቋትም?

ለገሠ: ጠየቋት።

አለምሰገድ: እና?

ለገሠ: አላውቀውም አለች።

አለምሰገድ: [መነጽሩን ያወልቃል] አላውቀውም? ልጄ? እኔን?

ለገሠ: ምን ታድርግ? አባቷን እነሱ ያውቁታል። በተጠራ ቁጥር ይመጣል። ሁለተኛ አባት ከየት መጣ ብትባል ምን ትመልሳለች?

አለምሰገድ: የቱ አባቷ ነው በተጠራ ቁጥር የሚመጣው?

ለገሠ: [ከረሜላውን ይልጣል] እኔ።

አለምሰገድ: አንተ ምን?

ለገሠ: መስከረም ላይ መጣች። "ጋሼ ለገሠ፣ ዳድ አይመጣም፤ ቢመጣም ይጮሃል፤ እባክህ አንድ ቀን አባቴ ሁንልኝ" አለች። እያለቀሰች ነበር። አንድ ቀን ነው ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም። ግን ልንገርህ፣ እኔ በጥፊ አልመታኋትም።

አለምሰገድ: አንተ! በእኔ ስም! በእኔ ልጅ! እንጀራዬን የበላህ ወንድሜ ነህ ብዬ!

ለገሠ: ቀስ በል፣ ይሰሙናል። "አቋርጪ" ባልካት ጊዜ ካውንስለሯ ጠራችኝ። ክላሱን ካቋረጠች እንግሊዝኛዋ ይጎድላል፣ ኮሌጅ ደግሞ ያ ሳይሟላ አያሰልፋትም አለች። አባቷ ምን ይላል? አለችኝ። እኔም "የጀመረችውን ትጨርስ" አልኩ። ያለኝ እንግሊዝኛ በዚያው አለቀ።

አለምሰገድ: ሜትሩስ? ሜትሩ ይቆጥራል እኮ!

ለገሠ: አይቆጥርም። ጠየቅኳት። ሃይስኩል ሳለች የምትወስደው ክላስ ሜትር አያስነሳም። ሃይስኩሉን ጨርሳ ኮሌጅ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆና ስትገባ ነው መቁጠር የሚጀምረው። አልኩህ እኮ፣ ቀበቶ ታስሮ መኪና ሲነሳ። ማርኩ ግን ዕድሜ ልኳን ይከተላታልና በርትታ ታጥና አለች። እኔም በርቺ አልኳት።

አለምሰገድ: እና... ምን አመጣች?

ለገሠ: ኤ።

አለምሰገድ: ኤ? ለእኔ አልነገረችኝም።

ለገሠ: አቋርጫለሁ ባለችህ ክላስ ኤ አመጣሁ ብላ ትንገርህ?

አለምሰገድ: መጀመሪያውኑ እውነቱን አትነግረኝም ነበር? አባቷ አይደለሁም?

ለገሠ: "ዳድ፣ ካውንስለሯን ጠይቅ" ብላ ሦስቴ ለመነችህ። አንተ የጥርስ ሐኪም ጠየቅክ።

አለምሰገድ: [በቀስታ] እሱንም አልጠየቅኩትም። ነገርኩት እንጂ።

[ከቢሮው ውስጥ የወንበር ድምፅ ይሰማል።]

አለምሰገድ: [ብድግ ብሎ] በቃ! አሁን ገብቼ እውነቱን እናገራለሁ። አባቷ እኔ ነኝ፣ ይሄ ሰውዬ ታክሲ ነጂ ነው እላለሁ!

ለገሠ: በል። ግን ኮቿ አንድ ሕግ አላት። የዋሸ አይሮጥም። አባቷ አንተ ከሆንክ ፀዲ ዋሽታለች። ፀዲ ከዋሸች ቅዳሜ የለም።

[አለምሰገድ ቆሞ ይቀራል። ስካርፉን ከአንገቱ ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ጫፉ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ለገሠ ጫፉን በጣቱ ወደ ውስጥ ይገፋለታል። በሩ ይከፈታል። ኮቿ ወጥታ "ሚስተር አለምሰገድ!" እያለች የለገሠን እጅ በሁለት እጇ ትጨብጣለች። ከዚያ ዞራ፣ ይሄኛው ማነው በሚል ዓይን አለምሰገድን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። በኮሪደሩ ጫፍ ፀዲ የሩጫ ጫማዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ ሁለቱንም አይታ ደርቃ ቀርታለች።]

ለገሠ: [በአማርኛ፣ በፈገግታ] ማነህ እያለችህ ነው። ቶሎ በል።

አለምሰገድ: [ፀዲን እያየ፣ በእንግሊዝኛ] አይ አም... ለገሠ።

[ፀዲ እፎይ ትላለች። ኮቿ ግቡ ብላ በሩን ትይዝላቸዋለች።]

አለምሰገድ: [በሹክሹክታ] ቆይ ግን፣ ስለ ጉልበቷ አነሳስ ለኮቿ አንድ ነገር ብቻ ላስረዳት...

ለገሠ: ሕጉ ምን ነበር?

አለምሰገድ: አንተ ሰው...

ለገሠ: ድገመው።

አለምሰገድ: [ጥርሱን ነክሶ] አለምሰገድ ይናገራል፣ ለገሠ ዝም ይላል።

ለገሠ: ጎበዝ። አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ፊትህን ከበድ ታደርጋለህ።

አለምሰገድ: [አንገቱን ደፍቶ] ኦኬ፣ ዳድ።